ሙዚቃውን የሠራው ጋሼ ነው

ባለፈው ወር ሎጊያ ላይ ምሳ ልበላ ገብቼ ሳልበላ ወጣሁ። ለሥራ ወደ ሰመራ እየሄድን ነበር። ሾፌሩ ጎማ ሊያሠራ ጋራዥ ሲቀር እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጇ አቧራው እንዳይነሳ በጣሳ ውሃ እየቀዳች ግቢውን ትረጫለች። የጋለ አፈር ውሃ ሲነካው የሚሸተውን ሽታ የቆላ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ለእኔ ግን ያ ሽታ የሰይድ ቪዲዮ ቤት ነው። ቀና ስል ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን፣ በልጅነቴ እዚያው ቪዲዮ ቤት ያየሁትን ፊልም ያሳያል። አንድ ወጣት በጠባብ መንደር ውስጥ እየሸሸ ይሮጣል፤ ከሥሩ ባስ ጊታሩ አብሮት ይሮጣል፤ ወዲያው ቫዮሊኖቹ ከላይ ይወርዱበታል።

ባልደረባዬ ጠረጴዛውን በጣቶቹ ይመታል። ምቱን አንድም ሳይስት ነው የሚመታው። እየመታም፣ "የድሮ አማርኛ ፊልም እኮ ያሳዝናል፤ ሙዚቃ እንኳ የለውም" አለኝ።

"ጣትህ ምን እየሠራ ነው ታዲያ?" አልኩት።

አልገባውም። ተነስቼ ጋራዡ ድረስ ሄድኩና መኪናው ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። እስከ ሰመራም አላናገርኩትም። እውነቱን ለመናገር እሱ ያጠፋው ነገር የለም። ስለ ዘፋኝ ሲሆን ስናወራ ውለን እናድራለን፤ ፊልሙን ከሥር ተሸክሞ ያቆመውን ሰው ግን "ማጀቢያ" የምትል አንዲት ቃል ወርውረንለት እናልፋለን። ሁላችንም እንደዚያ ነን። የእኔ ንዴት የቆየ ነው፤ በዚያ ቀን እሱ ላይ ወረደ እንጂ።

አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። የምንኖረው አዋሽ ሰባት ነበር። እናቴ፣ ሲስተር አስቴር፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከደብረ ብርሃን በዝውውር መጥታ እዚያው ቀረች። ጋሼ ደምሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። ጥር ላይ አስሙ አላስቀምጥ ሲለው፣ ሐኪም ቆላ ውረድ አለውና ወደ እኛ መጣ። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ በገመድ የታሰረ ረጅም ነገር ሲያወርዱለት አስከሬን ይዞ የመጣ መስሎኝ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቅኩ። ቤት ገብቶ ሲፈታው ኦርጋን ሆኖ ተገኘ።

እናቴ "ጋሼ ወታደር ነበር" ብላኛለች። እኔም የጦር ሜዳ ወሬ ልሰማ አሰፍስፌ ስጠብቅ፣ ለካስ ዕድሜውን ሙሉ በሠራዊቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ባስ ጊታር ሲመታና ለጥሩምባ ነፋሾቹ ኖታ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ጠመንጃ ያልተኮሰ ወታደር መኖሩ አናደደኝ። ለጓደኞቼ ግን ታንክ ነጂ ነበር ብዬ ነገርኳቸው።

ኦርኬስትራው ከተበተነ በኋላ ለፊልም ሙዚቃ መሥራት ጀመረ። ፊልሙ ከአዲስ አበባ በሲዲ ይላክለታል፤ ንግግሩ አለ፣ ሙዚቃው የለም። ጋሼ ከጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ በካናቴራ ተቀምጦ፣ አንዷን ቦታ እየመለሰ እየመለሰ ያያታል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። ያኔ የነበረኝ እምነት፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች የጋሼን ሙዚቃ ይሰማሉ የሚል ነው። የሚሮጠው ልጅ የሚሮጠው ጋሼ ስለሚያስሮጠው ነው፤ ጋሼ እጁን ካነሳ ልጁ ይያዛል። ስለዚህ ሳል ሲጀምረው እሮጥና ውሃ አመጣለታለሁ፤ ለእሱ አዝኜ ሳይሆን ልጁ እንዳይያዝ ነው።

ቤታችን ከጅቡቲ መንገድ ዳር ነው። ተሳቢዎቹ ሞተር ሳያጠፉ ቆመው ሾፌሮቹ ምሳ ይበላሉ፤ ግድግዳው ይርገበገባል፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ይንጫጫል። እናቴ "ጆሯችን ጠፋ" እያለች ታማርራለች። ጋሼ ደግሞ እግሩን በሞተሩ ልክ እያንቀሳቀሰ፣ "ሰውየው መራመድ ያለበት በዚህ ነው" ይልና ባስ ጊታሩን ያነሳል። የከተማ ቦዘኔ ሲራመድ፣ ሌባ ሲያደባ፣ ቆንጆ ልጅ ታክሲ ስትጠብቅ፣ ከሥሯ ያ ዘወር ዘወር የሚል፣ ወገብ የሚያስነቀንቅ ባስ አለ። የተማርን ነን የሚሉ ሰዎች ዛሬ ግሩቭ ይሉታል። በላዩ ላይ ደግሞ ቫዮሊንና ትሮምቦን ያመጣበታል። ለዚህ አዲስ አበባ ይሄድና የኦርኬስትራ ጓደኞቹን በልመና ይሰበስባል። ያሉት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እሱ ግን ያንኑ ጨዋታ እያስደጋገመ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበ ይቀዳና ቤት ሙሉ ሰው የተጫወተ ያስመስለዋል።

አንድ ቀን በስልክ ሲጨቃጨቅ ሰማሁት። ፊልሙ ላይ አንዲት እናት ልጇ መሞቱ ይነገራታል፤ ፕሮዲዩሰሩ ዋሽንት አድርግበት ይላል። ጋሼ እሺ አላለም። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረና፣ "ሰው ሲያለቅስ አብሮ የሚያለቅስ ሙዚቃ ምን ይሠራል? እሷ እያለቀሰች አይደል እንዴ" አለኝ። እዚያ ቦታ ላይ ያስገባው ያንኑ የተሳቢ ምት ነው፤ ቀስ አድርጎ፣ በጣም ቀስ አድርጎ፣ በላዩ አንድ ትሮምቦን ብቻ። ልጇ ሞቶ መንገዱ ግን አልቆመም፤ መኪናው ያልፋል። ዛሬ እንደዚህ አድርጌ እለዋለሁ፤ ያኔ ግን ድገመው ብቻ ነው ያልኩት።

ከዚያ በፊት አራት ፊልም ሠርቷል። በአንዱም ላይ ስሙ የለም። አንዱ ረሳሁት አለው፤ አንዱ ማተሚያ ቤቱ ነው ያጠፋው አለው፤ ሌሎቹ ምንም አላሉትም። የአምስተኛው ፕሮዲዩሰር ግን ቃል ገባለት። የዚህን ሰው ስም እዚህ አልጽፍም። እሱ የጋሼን እንዳልጻፈው እኔም የእሱን አልጽፍም።

ጋሼ ነገሩን ለእናቴ የነገራት እራት ላይ ነው። "በዚህኛው ስሜ ይወጣል" አላት።

"ማን አለህ?"

"ራሱ። በስልክ።" ቁራሹን ወጡ ላይ አሻሸ። "አስቱ፣ ኦርኬስትራው ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላ ነው የቆምኩት። ከፊት ዘፋኝ አለ፤ ለእኔ ብርሃን እንኳ አይደርሰኝም ነበር። አንድ ጊዜ ስሜን እዚያ ላይ ላየው። ሌላ አልፈልግም።"

እናቴ ወጥ ጨመረችለት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልሙ የሚደርስበትን ቀን እንደ በዓል ጠበቅኩት።

ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ቪዲዮ ቤት አለው፤ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ። ፊልም ከመጀመሩ በፊት ወለሉን ውሃ ይረጫል። ሁለት የማይሻሩ ሕጎች ነበሩት። አንደኛው፣ አዛን ሲባል ድምፁን ያጠፋል፤ ምስሉ ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ ልጁና ልጅቷ ተቃቅፈው ስም መውጣት ሲጀምር መብራት አብርቶ በሩን ይከፍታል፤ የሚቀጥለው ተመልካች ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሟልና። ከዚህ የተነሳ በአዋሽ ከተማ የአንድ ፊልም ስም ዝርዝር አንብቦ የጨረሰ ሰው አልነበረም። ጋሼ ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ "ሰይዶ፣ የእኔን ቀን ብቻ እስከ መጨረሻው ተውልኝ" ብሎ ለመነው። ሰይድ፣ "ኢንሻአላህ፣ መብራትም አላበራ" አለው።

በግንቦት፣ ያውም የቆላ ግንቦት፣ ፊልሙ መጣ። እናቴ ከጤና ጣቢያው ሁለት ነርሶች ይዛ መጣች። ቤቱ በሾፌርና በረዳት ሞልቷል። ከፊት፣ ለብቻው ሰፋ ብሎ፣ ሐመዱ ተቀምጧል። ሐመዱ የአፋር ፍየል ነጋዴ ነው፤ አማርኛው ለፍየል ዋጋ ትበቃለች እንጂ ለፊልም አትበቃም። ግን አንድም ፊልም አያመልጠውም።

ፊልሙ ላይ ልጁን የሚያሳድገው አጎት አለ፤ ደግ፣ ጨዋ፣ ሁሌ ጸሎት የሚያደርስ። ገና ከመጀመሩ ሐመዱ ወደ ጎን ዞሮ፣ "ይሄ ሰው ውሸታም ነው" አለ።

"ምን አደረገ?" አለው አንዱ ረዳት።

"አላውቅም። እሱ ሲመጣ ሙዚቃው ያነክሳል።"

ረዳቱ ሳቀበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አጎትየው የልጁን ውርስ ሲሰርቅ ተያዘ። ዘወር ብዬ ጋሼን ሳየው ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። በሕይወቴ እንደዚያ ሲደሰት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ የሩጫው ቦታ መጣ። ባሱ ተነሳ፤ ረዳቶቹ አግዳሚውን በእግራቸው ይመቱ ጀመር። ልክ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ የከሰዓት በኋላው፣ የዐስር አዛን ሆነ። ሰይድ ድምፁን ቀጥ አደረገው። ልጁ በዝምታ ይሮጣል። አፉን ከፍቶ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ከማንም የማይሸሽ እብድ መሰለ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ሳቀ፤ አዛን ነውና እያፈኑ ሳቁ። አዛኑ አልቆ ሰይድ ድምፁን ሲመልሰው ነፋሾቹ ሙሉ ኃይላቸው ላይ ደርሰዋል። ሳቁ በአንዴ ተቆረጠ። አጠገቤ የነበረችው ነርስ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ልጁን የሚያስሮጠው ምን እንደሆነ ያኔ ገባው። እኔማ ቀድሜ አውቄው ነበር።

ፊልሙ አለቀ። ሰይድ ቃሉን ጠበቀ፤ በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ተዋንያን፤ ካሜራ፤ መብራት። "ሙዚቃ" የሚለው ሲመጣ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ዘፈን የዘፈነው የአንድ ወጣት ስም ነበር ከጎኑ። አነበብኩት፤ ግን አልደነገጥኩም። በሰፈራችን ሠርግም ሆነ ሽምግልና ትልቅ ሰው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ጋሼ ከሁሉም ያረጀ ስለሆነ ስሙ ከሁሉም በኋላ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። የሹፌሩ ስም መጣ። ፀጉር የሠራችው ሴት መጣች። ምግብ ያበሰለችው መጣች። ከዚያ ማያው ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊውንም ጠበቅኩት። እናቴ እጄን ጎትታ ነው ያስነሳችኝ።

ጋሼ ከወንበሩ ሲነሳ ሱሪውን አራገፈና፣ "ድምፁ ግን ጥሩ ነበር" አለ። እኔ በዚያች ደቂቃ ማንን እንደምደበድብ አላወቅኩም።

ሰይድ ግን ያውቅ ነበር። "ወላሂ ይሄ ስርቆት ነው" አለ፤ በማግሥቱም የፊልም ማስታወቂያ የሚጽፍባትን ጥቁር ሰሌዳ ሱቁ በር ላይ አወጣና በጠመኔ፣ በትልቁ፣ "ሙዚቃውን የሠራው ደምሰው ወልዴ፣ የሲስተር አስቴር ወንድም፣ እዚሁ አዋሽ ያለው" ብሎ ጻፈ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አየሁትና ቤት ድረስ ሮጬ ለጋሼ ነገርኩት። ይደሰታል ብዬ። ጫማውን እንኳ በደንብ ሳያስር ወጣ፤ ሰሌዳው ጋ ደርሶ በመዳፉ ጠረገው።

"ምን ማድረግህ ነው?" አለው ሰይድ።

"ተው ሰይዶ፣ ሰው ምን ይለኛል? ስሙን በየበሩ ያስለጥፋል ይሉኛል። ሰውየውም ቢሰማ ይቀየመኛል።"

"እሱ ሰርቆህ አንተ ትፈራለህ?"

"ዝም አይነቅዝም" አለ ጋሼ። ነጭ የሆነውን መዳፉን ሱሪው ላይ እየጠረገ መንገዱን ተሻገረ። ማታ እናቴ ሱሪውን ስታጥብ፣ "አይነቅዝም ይለኛል! የሚነቅዘው ሰውየው ነው እንጂ" ስትል ሰማኋት።

በሰኔ ፕሮዲዩሰሩ ራሱ መጣ። ወደ ጅቡቲ የሚያወርድ ጉዳይ ነበረው፤ በዚያውም ጋሼ የጨረሰለትን አዲስ የፊልም ሙዚቃ ሊወስድ ነው። ያ ሙዚቃ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እኔ እንኳ፣ ልጅ ሆኜ፣ ሲያስሰማኝ መተንፈስ ረስቼ ነበር፤ ሞተሩ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነፋስ የሚመስል ቫዮሊን አለ። እናቴ ያኔ የሐዋርያትን ጾም ይዛለች። ቢሆንም ከሐመዱ ፍየል ገዝታ አሳርዳ፣ ጥብሱንም ቅቅሉንም ሠርታ፣ ራሷ የማትቀምሰውን ጨው በግምት አስተካክላ አቀረበች። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነው። እየበላ ጋሼን አሞገሰው፤ እንዳንተ ያለ የለም፣ አገሩ አላወቀህም፣ አለው።

"ታዲያ ስሙን ለምን አልጻፋችሁም?" አልኩት።

እናቴ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ሰውየው ጉርሻውን ዋጠና ፈገግ አለ። "ቦታ ጠቦን ነው የኔ ቆንጆ።"

"የሹፌሩ ስም አለ። ፀጉር የሠራችው ሴትዮም አለች።"

 ከውጭ የተሳቢው ሞተር ብቻ ይሰማል። የሰውየው እጅ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ ላቡ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ይወርዳል። ደስ አለኝ። "አጠፋሁ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ቀርቶታል፤ አሁን ይላታል ብዬ አፉን አፉን አያለሁ። ያኔ ጋሼ፣ "እኔ ነኝ አታውጡ ያልኳቸው" አለ።

"አየሽ!" አለ ሰውየው። እጁ ወደ ሥጋው ተመለሰ። "ትልቅ ሰው ስም አያሳድድም። ከአጎትሽ ተማሪ።"

እናቴ ቅቅል ጨለፈችለት። በጭልፋው ብትመታው ምን ነበር እል ነበር፤ አልመታችውም፤ እንዲያውም የቅልጥሙን አጥንት መርጣ ሰጠችው። በልቶ እጁን ታጠበ፤ ውሃውን ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። ሲዲውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሄደ።

መኪናው እንደራቀ እናቴ ወደ ጋሼ ዞረች። "ለምን ዋሸህ?"

"ቤቴ መጥቶ እየበላ እኮ ነው አስቱ። እየበላ ያለ ሰው ያዋርዱታል?"

"አሁንማ በልቶ ሄዷል" አልኩ እኔ። "አሁን እውነቱን ንገረው።"

ሁለቱም አዩኝ። ጋሼ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ሳሉ ቀደመው። ውሃ አላመጣሁለትም።

ያቺ የምሳ ሰዓት ውሸት ከእኛ ቤት የወጣች ቀን አገር አገኘች። ሰውየው በየሄደበት "ደምሰው እኮ ስሙ እንዲወጣ አይፈልግም" እያለ አወራ። ሌሎቹም ፕሮዲዩሰሮች ተመቻቸው። ለመንጠቅ እንኳ መድከም ቀረላቸው፤ ባለቤቱ ራሱ ፈርሞ የሰጣቸው ያህል ነው። ይሉኝታ ጨዋነት ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ እስከ ዛሬ ድረስ ደሜ ይፈላል። ይሉኝታ የሚጠቅመው የማያፍረውን ሰው ነው።

አዲሱ ፊልም አዋሽ የደረሰው አዲስ ዓመት አልፎ ነው። ማንም ሳይለምነው ሰይድ በሩን ዘግቶ ስሞቹን እስከ መጨረሻው ለቀቃቸው። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ሰዉ ሙዚቃውን ሰምቶ ስለነበር አንድም የሚያወራ የለም። "ሙዚቃ" የሚለው መጣ። ከጎኑ ያለው የፕሮዲዩሰሩ የራሱ ስም ነው። ጋሼ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የምስጋናው ዝርዝር ተከተለ፤ መኪና ያዋሰ፣ ቤቱን ለቀረጻ የፈቀደ። ከመጨረሻው አንድ ከፍ ብሎ፣ "አቶ ደምሰው ወልዴ፣ ከአዋሽ" የሚል ወጣ።

"ወጣ፣ ወጣ፣ ስሙ ወጣ" አለ አንዱ ረዳት፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የሚያነቡት ስሙን ብቻ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን አላነበቡም፤ ፊደሉ ይሮጣል። ሐመዱ ሳይቀር ዱላውን መሬት ላይ እየመታ ያጨበጭባል። ጋሼ አንብቦታል። ማንበቡን ዓይኑ ላይ አይቻለሁ። ግን ሰው እያጨበጨበለት ምን ያድርግ? ግማሽ ተነስቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጎንበስ አለ።

ከስሙ ቀጥሎ "ለመስተንግዶው" ነው የሚለው።

እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችና ተነሳች። "ምሳውንም የሠራሁት እኔ ነኝ" አለች፤ ሰይድን ከበሩ ገለል አድርጋ ወጣች።